በሁለተኛው ዓምድ የተጻፉ ሦስት እናቶች

ሲስተር በዛወርቅ ወልደ ጊዮርጊስ ዘንድሮ አምሳ ሦስት ዓመት ሞላት። ከዚህ ዕድሜዋ ሠላሳውን ዓመት በነርስነት አሳልፋለች፤ ከሠላሳውም አሥራ ዘጠኙን ያገለገለችው ከቦንጋ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ባለው በምሕረት ሆስፒታል ነው። እኔ በዚያው ሆስፒታል ቦርድ ውስጥ የማኅበረሰቡ ተወካይ ሆኜ ሰባት ዓመት ተቀምጫለሁ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ፤ ብዙ ሪፖርትም አድምጫለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ እንድጽፍላት ልቤ የሚያዘኝ ግን ይህችው ሴት ናት።

የተወለደችው በጌሻ ወረዳ በደካ ነው። አባቷ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ የአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ገበዝ ነበሩ። ንዋየ ቅድሳቱን በዝርዝር ጽፈው የሚጠብቁ፣ ከመጋረጃው አንድ ቀለበት ቢጎድል በየትኛው በዓል እንደጎደለ የሚያውቁ ሰው ነበሩ ይባላል። ከልጆቻቸው መካከል የእጅ ጽሕፈቷ ያማረው በዛወርቅ ስለ ነበረች፣ መዝገቡ ባረጀ ቁጥር ወደ አዲስ የምትገለብጥላቸው እርሷ ነበረች። ከዚያም በጂማ ነርስነትን ተማረች፤ በደካ ጤና ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት አገለገለች፤ መምህር አግብታ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደች፤ ባለቤቷ ወደ ቦንጋ ሲዛወር እርሷም ወደ ምሕረት መጣች።

ከስድስት ዓመት በፊት ለሥልጠና ሄዳ ስትመለስ አንድ አዲስ ሥራ ይዛ መጣች። በደሙ ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘበት በሽተኛ ሁሉ ሕመሙን ከወዴት እንዳገኘው ተለይቶ እንዲጻፍ የሚያዝ ሥራ ነው። ለዚህም አረንጓዴ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ አሰመረች፤ በውስጡም ሦስት ዓምዶች ነበሩ። በመጀመሪያው ዓምድ የሚጻፉት ሕመሙን ከቤታቸውና ከመንደራቸው ይዘውት የመጡ ናቸው፤ እነርሱም ሲገቡ ወይም በገቡ በሁለት ቀን ውስጥ የሚያተኩሱት ናቸው። ሁለተኛው ዓምድ ከሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ቆይተው ለታመሙት ነው፤ እነርሱ ሕመሙን ያገኙት ከእኛው ነው። ሦስተኛው ዓምድ ደግሞ ከቤታቸው ቢመጡም ከዚያ በፊት በሌላ ክሊኒክ መርፌ ለተወጉ፣ ግሉኮስ ለተሰቀለላቸው፣ ቁስላቸው ለተጠገነላቸው ነው።

ለውጭ ሰው ይህ የጽሕፈት ሥራ ይመስለዋል። ሲስተር በዛወርቅ ግን ለቦርዱ ስታስረዳ እንዲህ ብላ ነበር፦ "ዓምዱ ከተሳሳተ መድኃኒቱም ይሳሳታል። ከመንደር የመጣውን ባክቴሪያ ቀላሉ መድኃኒት ይገድለዋል፤ ከሆስፒታል የተገኘው ግን መድኃኒቶቻችንን ለምዶ የኖረ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መታረም ያለበት ማን እንደ ሆነ ዓምዱ ይነግረናል።"

ባልደረቦቿ "ሲስተር ዳኛ" እያሉ ይቀልዱባት ነበር። በአገናኝ መንገዱ ስታልፍ አንዱ "ጉንፋን ይዞኛል፣ በየትኛው ዓምድ ልቁም?" ይላታል። እርሷም ሳትቆም "አፍህን ሸፍነህ በአራተኛው ቁም!" ብላ ታልፈዋለች።

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር፣ የነቢያት ጾም በገባበት ሰሞን፣ ሦስት ወላዶች በሦስት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ታመሙ። ፍሬ፣ ኤሊ እና ሩሀማ ይባላሉ። ሦስቱም ማዋለጃ ክፍል አልጋ ይዘው በወለዱ በማግሥቱ በብርድ ተንቀጠቀጡ፤ በትኩሳትም ነደዱ። ደማቸው ተወስዶ ወደ ጂማ ተላከ፤ የሦስቱም ውጤት አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ሆኖ መጣ። እግዚአብሔር ይመስገንና ፍሬና ኤሊ በጠንካራ መድኃኒት ድነው ልጆቻቸውን አቅፈው ወጡ። ሩሀማ ግን ገና አልጋ ላይ ነበረች።

በካርዳቸው መሠረት ሦስቱም አልጋ ከያዙ ሁለት ቀን ሳይሞላቸው ነው የታመሙት። ስለዚህ ቦታቸው የመጀመሪያው ዓምድ ሆነ፤ ከቤት የመጣ ማለት ነው። ሦስቱም የመጡት ከማንኪራ ቀበሌ ነው። ሦስቱንም ከቤታቸው አንሥተው በጫካው መንገድ መርተው ያመጧቸው እትዬ ዓባይነሽ ነበሩ።

እትዬ ዓባይነሽ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የልምድ አዋላጅ ናቸው። በቤት ማዋለድ ይቅር ከተባለ ወዲህ አንዲትም እናት በቤቷ አላዋለዱም። ይልቁንም ወራቸው የደረሰውን እየመረጡ፣ ባሎቻቸውን እየተቆጡ፣ ስንቃቸውን እያሸከሙ ወደ ሆስፒታል ያደርሳሉ። የማንኪራ ሴት ከእርሳቸው ጋር ካልሆነ አትነሣም። አሁን ግን የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር አብዮት አንድ ደብዳቤ አዘጋጀ። ደብዳቤው ወይዘሮ ዓባይነሽ ነፍሰ ጡር እንዳይነኩና እንዳያጅቡ፣ ይህም በቀበሌው ስብሰባ እንዲነገር የሚጠይቅ ነበር። የሚቀረው የሲስተር በዛወርቅ መዝገብ ተፈርሞ ከደብዳቤው ጋር መያያዙ ብቻ ነበር።

ዶክተር አብዮት ክፉ ሰው አይደለም። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ለበሽተኛ የሚጨነቅ፣ እውነተኛ ወጣት ነው። ለፍርድ ቸኮለ እንጂ አልዋሸም። ጉዳዩ በቀረበበት የሆስፒታሉ ስብሰባም እኔ በተገኘሁበት እትዬ ዓባይነሽ ተጠርተው መጡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

"እትዬ፣" አለ ዶክተሩ፣ "እነዚህን ሦስት እናቶች ቤታቸው ሳሉ በእጅዎ መርምረዋቸው ነበር?"

"ሆዳቸውን ዳስሻለሁ እንጂ! ሳልዳስስ ልጁ በየት በኩል እንደ ተኛ በምን ልወቅ? የእናንተ መሣሪያ እኔ ቤት የለ።"

"እጅዎን ታጥበው ነበር?"

"ዶክተር ልጄ፣ ሳሙናውን የሰጠኝ ይኸው ሆስፒታል ነው። ካልታጠብሁበት ምን ላደርገው ነው፣ ልበላው?"

ከተሰብሳቢው ሳቅ አመለጠ። ዶክተሩ ግን አልሳቀም።

"ነገሩ ከባድ ነው እትዬ። ሦስቱም አልጋ በያዙ በማግሥቱ አተኮሱ። ይህ ማለት ሕመሙን ከቤት ይዘውት መጥተዋል ማለት ነው። ሦስቱም ከማንኪራ፣ ሦስቱም በእርስዎ እጅ ያለፉ ናቸው።"

"ከቤት? ኧረ በእመቤቴ! ሩሀማን ከቤቷ ካወጣኋት አሥራ አምስት ቀኗ ነው!"

"ካርዷ የሚለው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ገባች ነው።"

"ማክሰኞማ አልጋ የሰጣችኋት ቀን ነዋ! ከዚያ በፊት የት የነበረች መሰለህ? እዚሁ አጥራችሁ ውስጥ፣ ማቆያው ጋ ገንፎ ስታማስል! ወይስ እኔ ከማንኪራ ሆኜ እጄን ዘርግቼ ነካኋት? እጄ ይህን ያህል መርዘሙን የወለደችኝ እናቴም አልነገረችኝ።"

ዳግመኛ ተሳቀ። እኔም እንደ ሌላው ሳቅሁ። ያልሳቀችው ሲስተር በዛወርቅ ብቻ ነበረች። ለመፈረም ያነሣችውን ብዕር ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

ስለዚህ ማቆያ ጥቂት ልናገር። መንደራቸው ከመንገድ የራቀ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው ሳይደርስ መጥተው የሚሰነብቱበት የእናቶች ማቆያ በሆስፒታሉ አጥር ውስጥ አለ። በዚያ የራሳቸው ምድጃ አላቸው፤ ቆጮአቸውን ይጋግራሉ፤ እህትና አማት ይመጣል ይሄዳል፤ በካፍኛ ሲጫወቱ ድምፃቸው እስከ ፋርማሲው ይሰማል። መንደር እንጂ ሆስፒታል አይመስልም። ስለዚህም ሁላችን እንደ መንደር ቈጠርነው። ካርድ የሚወጣላቸው ምጥ ሲጀምራቸውና አልጋ ሲይዙ ነበር፤ ሁለቱ ቀንም የሚቈጠረው ከዚያ ነበር። ነርስ በየማለዳው ወደ ማቆያው እየሄደች ደም ግፊት እንደምትለካ፣ ላስመለሳትም እናት ግሉኮስ እንደምትሰቅልላት እያወቅን፣ ማናችንም ይህን ከመዝገቡ ጋር አላገናኘነውም።

"ዛሬ አልፈርምም፤" አለች ሲስተር በዛወርቅ። "ሁለት ቀን ስጡኝ።"

"ሲስተር፣ ጉዳዩ ግልጽ አይደለም እንዴ?" አለ ዶክተሩ።

"እስከ አሁን ግልጽ መስሎኝ ነበር ዶክተር።"

ሁለቱ ቀን ለእትዬ ዓባይነሽ አጭር አልነበረም። ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ማንኪራ ገብቶ ነበርና። በዚያው ሳምንት ሚስቱ ወሯ የገባ አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ "እትዬ፣ እኛስ እግዜር ያውቅልናል፤ እርስዎ ይቆዩ" ብሎ እንደ መለሳቸው ሰማን። አምሳ ዓመት ያገለገለ እጅ በአንድ ቃል ከደጅ ተመለሰ።

ሲስተር በዛወርቅ ከስብሰባው እንደ ወጣች በቀጥታ ወደ ማቆያው ሄደች። የማቆያው ኀላፊ ወይዘሮ ታንጉት ዱቄትና ማገዶ የሚያድሉት በስም ስለሆነ፣ ማን መቼ እንደ ገባች የሚጽፉበት ደብተር አላቸው።

"ይህን ለምን ፈለግሽው?" አሏት ታንጉት ደብተሩን ወደ ደረታቸው አስጠግተው። "ዱቄት ጎደለ ተባለ እንዴ?"

"ዱቄት አልጎደለም እትዬ። የጎደለው የኔ ቍጥር ነው።"

ደብተሩን ከነርሶች የሕክምና ወረቀት ጋር ጎን ለጎን ዘርግታ ስም በስም አመሳከረች። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በማቆያው አሥራ አራት እናቶች ነበሩ። ከእነርሱ ሰባቱን ያመጡት እትዬ ዓባይነሽ ናቸው። ከሰባቱ አራቱ በጤና ወልደው ሄደዋል፤ የታመሙት ሦስቱ ናቸው። እነዚያ ጤነኞቹ አራት በማቆያው ሳሉ መርፌ አልነካቸውም። ለፍሬ፣ ለኤሊና ለሩሀማ ግን አስመልሷቸው ስለ ነበር በክንዳቸው ካኑላ፣ ማለት በደም ሥር የሚተከል ቀጭን ቱቦ፣ ገብቶላቸው ግሉኮስ ተሰቅሎላቸዋል፤ ይህም ከመውለዳቸው ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድሞ ነው።

ግሉኮስ የተሰጣት አንዲት አራተኛ እናትም ነበረች፤ ማርቲ የምትባል የሺሺንዳ ነጋዴ። እርሷን እትዬ ዓባይነሽ በዓይናቸውም አይተዋት አያውቁም። መዝገቡ ላይም ስሟ የለም። ሲስተር በዛወርቅ ስልክ ደወለችላት።

"ማርቲ፣ ከወለድሽ በኋላ አሞሽ ነበር?"

"ውይ ሲስተር፣ ብርድ ብርድ ብሎኝ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነበር እኮ። ወባ ነው ብዬ ከዚሁ ክሊኒክ መድኃኒት ወሰድሁ። አንድ ሳምንት አንገላትቶኝ ተወኝ። ምነው?"

"አሁን ደህና ነሽ?"

"ሱቄን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ልጁም ጡት አይለቅ፣ እኔም ሥራ አልፈታ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ነገ ግን መጥተሽ ታዪ፤ እጠብቅሻለሁ።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ አራቱን ወረቀቶች እንደገና ተመለከተች። ካኑላውን ያስገባው ባለሙያ የሚፈርምበት ቦታ አለ። በአራቱም ላይ የሰፈረው ፊርማ የራሷ ነበር።

ነገሩ በኋላ እንደ ተረዳነው እንዲህ ነው። ካኑላ እንዳይደፈን በየጊዜው ሳላይን በሚሉት ጥቂት የጨው ውኃ ይታጠባል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆነው ትንሹ ብልቃጥ ከፋርማሲ ከጠፋ ወራት ሆኖት ነበር። ስለዚህ በአንድ ባለ ሊትር የሳላይን ከረጢት ላይ መርፌ ተክሎ፣ ከዚያው ለሁሉም እየቀዱ ማጠብ ተለመደ። ከረጢቱ በማቆያው ግድግዳ ላይ በምስማር ተንጠልጥሎ ሁለትም ሦስትም ቀን ይቆይ ነበር። ይህን ዘዴ ያመጣችው ሲስተር በዛወርቅ ናት። በሽተኛ ሳይታከም እንዳይውል ብላ በበጎ ልብ ያደረገችው ነው፤ ታናናሾቿንም አስተምራዋለች፤ ለዚህም በአንድ ወቅት ተመስግናበታለች።

በቀጠሮው ቀን ስንሰበሰብ መዝገቡን ይዛ ገባች። ያገኘችውን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ተናገረች። በመጨረሻ "ከረጢቱን የሰቀልሁት እኔ ነኝ፤ ካኑላውንም ያስገባሁት እኔ ነኝ" አለች።

ዶክተር አብዮት መዝገቡን ወደ ራሱ አስጠግቶ አነበበ። ከዚያም በለዘበ ድምፅ፣ "ሲስተር፣ እንግዲያው በሦስተኛው ዓምድ እንጻፋቸው" አለ። "አልጋ ሳይዙ በፊት ሕክምና ያገኙ ናቸውና ይስማማቸዋል። እትዬ ዓባይነሽም ነፃ ይወጣሉ፤ እርስዎንም የሚነካ አይኖርም።"

ለእርሷ አዝኖ ነው ያለው። እኔም በልቤ ይሁን ብዬ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

"ሦስተኛው ዓምድ በሌላ ቦታ ለታከመ ሰው ነው ዶክተር፤" አለች። "አጥሩ የማን ነው? ነርሷስ የማን ናት? ካርድ ስላላወጣንላቸው ብቻ ሌላ ቦታ ነበሩ ልንል ነው? በሦስተኛው ከጻፍናቸው ጥፋቱ ባለቤት አይኖረውም። ባለቤት ከሌለው ደግሞ ከረጢቱ ነገም ይሰቀላል።"

"ቢያንስ ከስምዎ ይልቅ 'በአሠራር ጉድለት' ብለን እንጻፈው።"

"አሠራሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከኔ ወዲያ ማንን ልጻፍ? ይልቅ አንድ ነገር ልለምንዎት። ሩሀማን እንደ መንደር በሽተኛ ሳይሆን እንደ ሆስፒታል በሽተኛ ይያዙልኝ። ካኑላዋ አሁኑኑ ይነቀል፤ መድኃኒቷም እንደገና ይታይ።"

ከዚያም በፊታችን መዝገቡን ገለጠች። በመጀመሪያው ዓምድ የተጻፉትን ሦስት ስሞች በአንድ ቀጭን መሥመር ሰረዘች፤ የቀድሞው ጽሑፍ እንዲነበብ ግን አልደለዘችውም። ሦስቱንም በሁለተኛው ዓምድ ጻፈች። ከጎናቸውም "በማቆያ ሳሉ፣ በጋራ ሳላይን በታጠበ ካኑላ፤ ያስገባችው በዛወርቅ ወልደ ጊዮርጊስ" ብላ በዚያ ባማረ እጇ አሰፈረች። ቀኑን ጽፋ ፈረመች። ዶክተር አብዮትም ተነሥቶ ከፊርማዋ በታች የራሱን ፊርማ አኖረ። ደብዳቤውንም አራት ቦታ ቀደደው።

ከማቆያው ግድግዳ ላይ የተወሰደው የሳላይን ናሙና ውጤት ከጂማ የመጣው ከዚያ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ነው። ከእናቶቹ ደም የተገኘው ያው ባክቴሪያ ከረጢቱ ውስጥም ተገኘ። ልብ በሉ፤ ሲስተር በዛወርቅ ይህ ማስረጃ በእጇ ሳይገባ ነው ስሟን የጻፈችው። በዚያን ጊዜ ሩሀማ ትኩሳቷ ወርዶ፣ ልጇን በጎኗ አስተኝታ "መቼ ነው የምትለቁኝ?" እያለች ነርሶቹን ታስቸግር ነበር።

ሥራው በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ውጤቱ በመጣ በማግሥቱ፣ እሑድ ቀን፣ ግን ሲስተር በዛወርቅ "ማንኪራ አብረውኝ ይሂዱ" አለችኝ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳይበተን ደረስን። ካህኑን አስፈቅዳ በሕዝቡ ፊት ቆመች።

"ሦስት እናቶቻችሁ ታመው ነበር፤" አለች። "ሕመሙ ከእትዬ ዓባይነሽ እጅ መጣ ተብሏል። ሐሰት ነው። የመጣው ከሆስፒታላችን ነው፤ ካኑላውንም ያስገባሁት እኔ ነኝ። እርሳቸው ሰባት እናቶች አምጥተው ሰባቱንም በጤና አስረክበውናል።"

ያ ሚስቱ ወሯ የገባው ሰው ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ እትዬ ዓባይነሽ ተጠግቶ ጉልበታቸውን ሊነካ ጎንበስ ሲል ይዘው አቃኑት።

"ቀና በል፣ ጉልበቴን ተወው። ይልቅ ሚስትህ ስንቅ አዘጋጅታለች?"

"አ... አዘጋጅታለች።"

"ሐሙስ እንነሣለን። አንተ ትሸከማለህ።"

ከዚያም ወደ ሲስተር በዛወርቅ ዞረው ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት።

"አንቺ ልጅ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ከምትናገሪ ለኔ ለብቻዬ ብትነግሪኝ አይበቃም ነበር?"

"ስምዎ የጠፋው በሰው ፊት ነው እትዬ።"

እትዬ ዓባይነሽ ክንዷን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዷት፤ እኔንም በዓይናቸው ጠሩኝ። ቆጮና ጎመን ቀርቦልን በጾም ሥርዓት ተመገብን። ስለ መዝገብ ማንም አላነሣም።

ከዚያ ወዲህ በምሕረት ሆስፒታል ለአንዲት እናት የተከፈተ ሳላይን ለሌላዋ አይሻገርም። ትንሹ ብልቃጥ ሲጠፋ ቦርዱ ራሱ ይጠየቃል፤ እኔም አንዱ ተጠያቂ ነኝ። ካርድ የሚወጣውም አልጋ ሲያዝ መሆኑ ቀርቶ፣ እናቲቱ የአጥሩን በር በረገጠችበት ሰዓት ሆኗል። ከሌሎች ሆስፒታሎች የመጡ ሁለት ባለሙያዎች መዝገቡን አይተው ሲሄዱ፣ አንደኛዋ የተሰረዙትን ሦስት ስሞች በጣቷ እያመለከተች "ይህን ገጽ ፎቶ ላንሣው?" ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ሲስተር በዛወርቅ ፈቀደችላት፤ ሻይ ሳታስጠጣትም አልሸኘቻትም።

ያ ሐሙስ ሲደርስ እኔ ለስብሰባ መጥቼ በሩ አጠገብ ነበርሁ። እትዬ ዓባይነሽ የሰውየውን ሚስት ክንዷን ይዘው፣ ሰውየውን ስንቅ አሸክመው ከተፍ አሉ። ዘበኛው በሩን ከፈተ። እርሳቸው ግን አልገቡም፤ ሴቲቱንም አልለቀቁም።

"በዛወርቅን ጥራት፤ ብዕሯን ይዛ ትምጣ።"

ሲስተር በዛወርቅ ካርድ ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ የእናቲቱን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች። እትዬ ዓባይነሽ ማንበብ አይችሉም፤ ቢሆንም ካርዱን ተቀብለው ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ተመለከቱት።

"ጻፍሽው?"

"ጻፍሁት እትዬ።"

"በይ እንግዲያው፤" አሉ የሴቲቱን ክንድ ከእጃቸው ወደ እጇ እያሻገሩ። "ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ያንቺ ናት።"